«ደሙ ነጻ ነው» ከተባልን በኋላስ? የጨቅላ ህጻናት ኢንፌክሽንና የደም ምርመራ



ከጥቂት ወራት በፊት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በውስጥ መስመር አንድ ፎቶ ደረሰኝ። የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር ሰላም ነው? ልጃችን ከተወለደ 4ኛ ቀኑ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጡት በደንብ አልይዝ ብሏል፣ እንቅልፍም አብዝቷል። ሰፈራችን ያለ ላቦራቶሪ ወስደን ደም አሠራነው። ነጻ ነው አይደል?»

ወረቀቱን አጉልቼ አየሁት። ሲቢሲ የሚባለው ምርመራ ነው። ቁጥሮቹ ለ4 ቀን ልጅ ደህና ናቸው። ግን «አዎ፣ ነጻ ነው» ብዬ አልመለስኩለትም። «ወንድሜ፣ ወረቀቱን ተዉትና ልጁን ይዛችሁ አሁኑኑ የጨቅላ ህጻናት ክፍል ያለው ሆስፒታል ሂዱ። እስኪነጋ እንዳትጠብቁ» አልኩት።

አባት ግራ ገባው። «ውጤቱ ደህና ነው እያሉኝ በሌሊት ለምን እናስወጣዋለን? እናቱም አራስ ናት፣ ብርድ ይመታቸዋል» አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያች ሌሊት ግን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረንም። ዛሬ ረጋ ብዬ ልመልሰው። የልጁን ነገር መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ (ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል)።

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል። እርጉዝ የሆናችሁ፣ በቅርቡ የወለዳችሁ፣ ወይም ቤታችሁ አራስ ያለ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

■ ጨቅላ ህጻን ከትልቅ ልጅ በምን ይለያል?

ጨቅላ የምንለው ከተወለደ እስከ 28 ቀን ያለውን ህጻን ነው። በዚህ ጊዜ የሰውነቱ መከላከያ ገና አልጠነከረም። ትልቅ ሰው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ይዞ የሚቀር ባክቴሪያ፣ ጨቅላ ላይ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ገብቶ ሊሠራጭ ይችላል። ይሄንን ነው ሴፕሲስ የምንለው። በተለምዶ «ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል» ሲባል የምትሰሙት ማለት ነው።

በ2 እንከፍለዋለን፦

👉 ከተወለደ እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚመጣው፦ አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያው ከእናት የሚተላለፍ ነው፤ የሽርት ውሃ ቀድሞ ሲፈስስ ወይም በምጥ ጊዜ።

👉 ከ72 ሰዓት በኋላ የሚመጣው፦ ብዙውን ጊዜ ከአካባቢ የሚመጣ ነው፤ ካልታጠበ እጅ፣ ከእትብት፣ ከህክምና ዕቃ፣ ጉንፋን ይዞት ህጻኑን ከሚስም ጠያቂ ጭምር።

በአገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ህጻናት 29ኙ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ ይሞታሉ። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች 3 ናቸው፦ ያለ ቀን መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን። ከ3ቱ ውስጥ በጊዜ ከተደረሰበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ባለ መርፌ ጭምር መታከም የሚጀምረው ኢንፌክሽኑ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት!

ችግሩ ጨቅላ ህጻን «እዚህ ጋ አመመኝ» አይልም። ትኩሳት እንኳን ላይኖረው ይችላል። እንዲያውም ብዙዎቹ በተቃራኒው ይቀዘቅዛሉ። ምልክቱ «ጡት አልይዝ አለ፣ ተኛ፣ ደከመ» ብቻ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የደም ምርመራ የምንፈልገው።

■ ደሙ ውስጥ የምንፈልገው ምንድነው?

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ሌሊት ግቢያችሁ ሌባ ገብቶ እንደሆነ ማወቅ ፈለጋችሁ እንበል። 2 መንገድ አለ። አንደኛው ሌባውን ራሱን መያዝ ነው። ሁለተኛው ውሻው ይጮኽ እንደሆነ ማዳመጥ ነው።

የደም ካልቸር ሌባውን ራሱን ፍለጋ ነው። ሲቢሲ፣ ሲአርፒና ፕሮካልሲቶኒን ደግሞ የውሻው ጩኸት ናቸው። ባክቴሪያውን አያዩም፤ ሰውነት ለባክቴሪያው የሰጠውን መልስ ነው የሚያዩት። ውሻ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ አላፊ አግዳሚ ላይም ይጮኻል። አንዳንዴም ሌባው ገብቶ እሱ ገና አልነቃም።

አሁን አንድ በአንድ እንያቸው።

1) ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)

በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ይሠራል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል። ነጭ የደም ሴልን፣ ቀይ የደም ሴልንና ፕላትሌትን ይቆጥራል።

ብዙ ወላጆች የሚደነግጡበት ነገር አለ። የትልቅ ሰው ነጭ የደም ሴል ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነው። አዲስ የተወለደ ህጻን ግን በመጀመሪያው ቀን ከ9,000 እስከ 30,000 ቢሆን ጤነኛ ነው። ማሽኑ የትልቅ ሰው መለኪያ ላይ ተስተካክሎ ከሆነ፣ ከቁጥሩ ጎን «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ያትማል። ያንን አይታችሁ ብቻ አትሸበሩ።

እኛ ይበልጥ የምንፈራው ሲበዛ ሳይሆን ሲያንስ ነው። ነጭ የደም ሴሉ ከ5,000 በታች ከወረደ፣ ያልበሰሉት ነጭ ሴሎች ከበሰሉት አንጻር ከበዙ፣ ወይም ፕላትሌት ከ150,000 በታች ከሆነ ጥርጣሬያችን ይጨምራል። የፕላትሌት መውረድ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚታየው።

ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፦ ኢንፌክሽን እያለበት ሲቢሲው ደህና የሆነ ህጻን ብዙ ነው። በተለይ ልጁ እንደተወለደ ወዲያው፣ ወይም ምልክቱ እንደጀመረ ወዲያው ከተሠራ። ስለዚህ ሲቢሲ ብቻውን «የለበትም» ብሎ የመፍረድ አቅም የለውም።

2) ሲአርፒ

ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ይጨምራል። የተገኘው በ1930 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያገኙት አሜሪካ ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ይሠሩ የነበሩ 2 ተመራማሪዎች፣ የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ነው። ያኔ ተገኝቶ እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ በየቀኑ የምንጠቀምበት ምርመራ ነው።

አንድ ጥሩ ነገር አለው። ከእናት ወደ ልጅ በእንግዴ ልጅ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ህጻኑ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ የሠራው የህጻኑ የራሱ ጉበት ነው።

አንድ ድክመትም አለው፦ ቀርፋፋ ነው። ኢንፌክሽን ከጀመረ በኋላ መጨመር ለመጀመር ከ6 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ምልክት እንደታየ በሰዓቱ ብትለኩት ደህና ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ስትለኩት ሰማይ ነክቶ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ሲአርፒን በትክክል የምንጠቀምበት ደጋግመን ስንለካው ነው። በ24 ሰዓት ልዩነት 2 ጊዜ ተለክቶ 2ቱም ዝቅ ያለ ከሆነና ህጻኑም ደህና ከሆነ፣ «ኢንፌክሽን የለበትም» ለማለት ድፍረት ይሰጠናል። አንዱ ብቻ አይሰጠንም።

በብዛት የምንጠቀምበት ድንበር 10 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ጥንቃቄ፦ አንዳንድ ላቦራቶሪ በዴሲ ሊትር ይጽፋል። እዚያ ላይ 1 ማለት በሊትር ሲሰላ 10 ነው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መለኪያውንም እዩ። «ፖዘቲቭ» ወይም «ነጌቲቭ» ብቻ ብለው የሚጽፉም አሉ። እሱ ደግሞ ዛሬ ከትናንት ይጨምር ይቀንስ አይነግረንም፤ ስለዚህ ከተቻለ በቁጥር የሚሰጠውን እንመርጣለን።

በሌላ በኩል፣ ሲአርፒ ያለ ኢንፌክሽንም ሊጨምር ይችላል። የተራዘመ ምጥ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ህጻኑ ካካውን ከሽርት ውሃው ጋር ወደ ሳንባው ስቦ ከሆነ፣ ወይም ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ከፍ ይላል።

3) ፕሮካልሲቶኒን

ይሄኛው ፈጠን ይላል። ኢንፌክሽን በጀመረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጨመር ይጀምራል። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እሱን አናዝም? አንደኛ፣ በብዙ ቦታ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ጤነኛ ህጻን ላይም ቢሆን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በተፈጥሮው ከፍ ይላል። ስለዚህ የህጻኑን ዕድሜ በሰዓት ቆጥሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

ጥቅሙ በደንብ የታየው መድሃኒት መቼ እናቁም በሚለው ላይ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የህክምና መጽሔት የታተመ፣ በኔዘርላንድስ፣ በስዊዘርላንድ፣ በካናዳና በቼክ ሪፐብሊክ የተደረገ ጥናት አለ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ኢንፌክሽን በተጠረጠረባቸው ህጻናት ላይ ፕሮካልሲቶኒንን እያዩ መድሃኒት ማቆም፣ አንቲባዮቲክ የሚወስዱበትን ጊዜ ከ65 ሰዓት ወደ 55 ሰዓት ገደማ ዝቅ አድርጎታል።

4) የደም ካልቸር

ሌባውን ራሱን ፍለጋ ያልኳችሁ ይሄ ነው። ደሙ ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጨመርና ባክቴሪያ ካለ እስኪራባ ይጠበቃል። ከተገኘ 2 ነገር እናውቃለን፦ ማን እንደሆነና የትኛው መድሃኒት እንደሚገድለው።

ሁለተኛው ነገር ለእኛ አገር በጣም ወሳኝ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የአፍሪካና የእስያ አገራት የተካሄደው ባርናርድስ የተባለ ትልቅ ጥናት፣ ከጨቅላ ህጻናት ደም ውስጥ በብዛት የተገኘው ክሌብሴላ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳይቷል። ክሌብሴላ ደግሞ መጀመሪያ የምንጀምረውን አምፒሲሊን በተፈጥሮው የሚቋቋም ነው። ካልቸር ካልሠራን መድሃኒቱ ለምን እንዳልሠራ በግምት ነው የምንሄደው።

ካልቸር 3 ነገር ይፈልጋል። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት። ቆዳው በደንብ ጸድቶ መወሰድ አለበት፤ አለበለዚያ የቆዳ ላይ ባክቴሪያ ገብቶ ያሳስተናል። የደሙ መጠንም ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በጨቅላ ደም ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ቁጥር ትንሽ ሊሆን ስለሚችል በጥቂት ጠብታ ሊያመልጠን ይችላል።

ዘመናዊው ማሽን ባለበት ቦታ፣ ባክቴሪያ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በ36 እና በ48 ሰዓት ውስጥ ይታወቃል። ማሽኑ በሌለበት ቀናት ይወስዳል። ጭራሽ ካልቸር የማይሠራበትም ብዙ ቦታ አለ። በተጨማሪም ካልቸሩ ምንም ባያበቅልም፣ ህጻኑ ላይ የሚታየው ምልክት ኢንፌክሽን ከሆነ ህክምናውን እንጨርሳለን።

■ እኔ የተሳሳትኩበት ቀን

ይሄን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ የተማርኩት ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር።

ኢንተርን እያለሁ በአንድ ተረኛ ሌሊት 2 ቀን የሞላት ሴት ልጅ አመጡልኝ። ይዘዋት የመጡት አያቷና አባቷ ናቸው። «ጡት ስትጠባ ቶሎ ይደክማታል» አሉ። ከጀመራት 2 ወይም 3 ሰዓት ቢሆን ነው። ሳያት ያን ያህል የታመመች አትመስልም። ሲቢሲና ሲአርፒ አዘዝኩ። 2ቱም ደህና ሆነው መጡ። ክፍሉ ሞልቷል፣ ወረፋ አለ፣ እኔም ከ24 ሰዓት በላይ አልተኛሁም። ሲኒየሬን ሳላማክር «ደሟ ነጻ ነው እማማ፣ አይዟችሁ፣ ጡት አዘውትራ ታጥባት» ብዬ ሸኘኋቸው። እናትየው የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ስንት ሰዓት ቆይታ እንደወለደች አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ማታ ተመልሰው መጡ። ሰውነቷ ቀዝቅዟል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ አታለቅስም። ያን ጊዜ የተሠራው ሲአርፒ ከ100 በላይ ነበር። የሽርት ውሃው ከአንድ ቀን በላይ ፈስሶ እንደነበረም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። መድሃኒት ተጀመረላት፣ ኦክስጅን ተሰጣት፣ ሁሉም የሚችለውን አደረገ። በ3ኛው ቀን አረፈች።

አያቷ አልጮኹብኝም። «አንተ ነጻ ናት ብለኸን ነበር እኮ ልጄ» ብቻ አሉኝ።

ላቦራቶሪው አልተሳሳተም። በዚያ ሰዓት የወጣው ቁጥር ትክክል ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ሊነግረኝ የማይችለውን ነገር ነው ከወረቀቱ የጠበቅኩት። ጉበቷ ገና ሲአርፒ መሥራት አልጀመረም ነበር። ልጅቷ ግን «ጡት ይደክመኛል» ብላ በራሷ መንገድ ነግራኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጨቅላ ህጻን ላይ «ነጻ ነው» የሚለውን ቃል አልጠቀምም። «እስካሁን የታየ ነገር የለም፣ ነገ ደግመን እናያለን» ነው የምለው። እናንተም ከሀኪም ይሄን ብትሰሙ፣ ሀኪሙ አላወቀም ማለት እንዳልሆነ ተረዱልኝ።

■ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

«ገና ውጤት ሳይመጣ ለምን አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል?»

ምክንያቱም ኢንፌክሽኑ ውጤት አይጠብቅም። የተጠረጠረ ህጻን ላይ ካልቸር እንወስድና ወዲያው እንጀምራለን፤ አብዛኛውን ጊዜ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን በመርፌ። ካልቸር በማይሠራበት ቦታም ቢሆን ህክምናው መዘግየት የለበትም። ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁ ሪፈር ከመጻፋቸው በፊት የመጀመሪያውን መርፌ ሊሰጡት ይገባል። «ሆስፒታል ይሻላል» ብላችሁ መርፌውን እንቢ አትበሉ።

«ከጀመረ በኋላ ለምን በ2 ቀን አቆሙት?»

ካልቸሩ በ36 ወይም በ48 ሰዓት ምንም ካላሳየ፣ የተደጋገመው ሲአርፒ ዝቅ ካለና ልጁ በደንብ ከጠባ ማቆሙ ትክክል ነው። የማያስፈልግ አንቲባዮቲክ የአንጀቱን ጥሩ ባክቴሪያ ያጠፋል፣ መድሃኒት የተላመደ ባክቴሪያም ያመጣል። የደም ምርመራ አንዱ ትልቅ ጥቅም ይሄ ነው፤ ለማስጀመር ብቻ ሳይሆን በድፍረት ለማቆም ይረዳናል።

«ደሙን ጨረሱት እኮ!»

ይሄ ከአያቶች የሚመጣ ቅሬታ ነው፣ እኔም ስጋቱ ይገባኛል። እናስላው። ጨቅላ ህጻን በኪሎ ከ80 እስከ 85 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም አለው። 3 ኪሎ የሆነ ልጅ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ አለው ማለት ነው። ለካልቸር የምንወስደው 1 ሚሊ ሊትር ከ250 አንድ እጁ ነው። ሌሎቹን ጨምረን እንኳን 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ያለ ቀናቸው የተወለዱ በጣም ትንንሽ ህጻናት ላይ ግን እኛም ቆጥበን ነው የምንወስደው። «አሁን የሚወሰደው ለምንድነው?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጠይቁ።

«ከጀርባው ውሃ ሊወስዱ ነው፣ ሽባ ይሆናል አሉኝ»

ሴፕሲስ ወደ አንጎል ሽፋን ሊያልፍ ይችላል። ማጅራት ገትር መሆን አለመሆኑን ደም አይነግረንም፤ የጀርባ ፈሳሽ ነው የሚነግረን። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ስለሆነ ሽባ አያደርግም። ስንት ቀን እንደሚታከምና በምን ያህል መጠን እንደሚታከም የሚወሰነው በዚህ ውጤት ነው።

«ሲአርፒው ከፍ ብሏል፣ ልጄ ግን ደህና ነው»

ሐኪሙ ይየው። አሁን በደንብ የሚጠባ፣ የማያተኩስ፣ ንቁ የሆነ ልጅ ላይ አንድ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻውን ለ10 ቀን መርፌ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ግን ውሳኔው በቤት ውስጥ የሚወሰን አይደለም።

■ ላቦራቶሪ ሳይሆን ቀጥታ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

እነዚህን ፎቶ አንሥታችሁ (ስክሪንሾት) አስቀምጡልኝ። ከ28 ቀን በታች የሆነ ልጅ ላይ አንዱ እንኳን ከታየ፦

✅ ጡት መጥባት ካቆመ ወይም ከወትሮው በጣም ከቀነሰ
✅ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ፣ ወይም ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ከሆነ
✅ ካተኮሰ (በብብት ሲለካ 37.5 እና ከዚያ በላይ)
✅ ከቀዘቀዘ (ከ35.5 በታች)፤ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ሆዱንና እግሩን ዳስሱ
✅ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ (ተረጋግቶ ባለበት ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ)
✅ ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም የሚያቃስት ከሆነ
✅ ካንቀጠቀጠው
✅ የእትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ካለው፣ ቆዳው ላይ መግል የቋጠሩ ብዙ ነገሮች ከወጡ
✅ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም በማንኛውም ቀን መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ

«40 ቀን ሳይሞላት አራስ ከቤት አትወጣም»፣ «ብርድ ይመታዋል»፣ «የሰው ዓይን ነው» የሚሉት ነገሮች ቤታችን ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ባለ ቤት ነው ያደግኩት። ለብርዱ መላ አለው፦ ኮፍያና ካልሲ አድርጉለት፣ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስጠግታችሁ በጋቢ ሸፍኑት። ሆስፒታል እስክትደርሱ ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ የለም። መጥባት ከቻለ በየመንገዱ ይጥባ።

■ ሀኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት

እኔ ሳልጠይቅ የቀረሁትን እናንተ ተናገሩ፦

• የሽርት ውሃው ከፈሰሰ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው የተወለደው? (ከ18 ሰዓት በላይ ከሆነ አደጋው ይጨምራል)
• እናት በምጥ ጊዜ አተኩሷት ነበር?
• የሽርት ውሃው መጥፎ ሽታ ነበረው?
• በእርግዝና ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበራት?
• ከ37 ሳምንት በፊት ነው የተወለደው? ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ በታች ነበር?
• ምልክቱ በትክክል በስንት ሰዓት ጀመረ?

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ወሳኝ ነው። ደሙ ከምልክቱ በኋላ በስንት ሰዓት እንደተወሰደ ካላወቅን ውጤቱን በትክክል ማንበብ አንችልም።

■ ከመጀመሪያው እንዳይመጣ

👉 በሚቻለው ሁሉ ጤና ተቋም ውለዱ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጥ እስኪመጣ ቤት አትጠብቁ።
👉 እንገሩን አትድፉት! ወፍራሙ የመጀመሪያ ወተት ለህጻኑ የመጀመሪያ መከላከያው ነው። በተወለደ 1 ሰዓት ውስጥ ይጥባ።
👉 እትብቱ ላይ ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ አመድ የሚባል ነገር አይቀባ። ጤና ተቋም ክሎርሄክሲዲን ቅባት ከሰጧችሁ እንደታዘዘው እትብቱ ላይ ብቻ ተጠቀሙ። ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ።
👉 ቅቤ ማላስ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ይቅሩ።
👉 ጠያቂ ሁሉ እጁን ታጥቦ ይያዘው። ጉንፋን የያዘው ሰው ከበር ይመርቅ። ማንም አይቀየምም፤ ቢቀየምም ይለፈው።
👉 አሜሪካ ያላችሁ እርጉዞች፣ ከ36ኛው እስከ 37ኛው ሳምንት ላይ ግሩፕ ቢ ስትሬፕ የሚባል ባክቴሪያ ምርመራ ይደረግላችኋል። ከተገኘባችሁ በምጥ ጊዜ የሚሰጣችሁን አንቲባዮቲክ እንቢ አትበሉ፤ የሚሰጠው ለልጁ ነው።

■ የዚያ አባት ልጅ

ሄዱ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ሆስፒታል ደረሱ። ካልቸር ተወሰደ፣ የደም ስኳሩ ታየ፣ ወዲያው አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን ተጀመረለት። የመጀመሪያው ሲአርፒ 8 ነበር። ድንበሩ 10 ነው ብያችኋለሁ፤ ቁጥሩን ብቻ ቢያዩ ሊሸኙት ይችሉ ነበር። ተረኛዋ ሐኪም ግን ልጁን አይታ አስተኛችው።

በማግስቱ ሲአርፒው 62 ሆነ። በ2ኛው ቀን ካልቸሩ ባክቴሪያ አበቀለ፣ መድሃኒቱም በውጤቱ መሠረት ተቀየረ። ከ2 ሳምንት በኋላ እናቱ አቅፋው ወደ ቤት ገባች።

ባለፈው ሰሞን አባትየው ሌላ ፎቶ ላከልኝ። አሁን የላቦራቶሪ ወረቀት አይደለም። ልጁ ወፍሮ፣ አፉ ወተት በወተት ሆኖ ተኝቷል። «ዶክተር፣ አሁንስ?» ይላል ከሥሩ።

«አሁን በደንብ ይጠባል?» አልኩት።

«እናቱን ጨረሳት!» አለኝ።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ በተቻለኝ እመልሳለሁ። ከላይ ካሉት ምልክቶች አንዱ ያለበት ጨቅላ ከያዛችሁ ግን መልሴን አትጠብቁ፤ ውጤቱንም ፎቶ አንሥታችሁ አትላኩልኝ፤ መጀመሪያ ሂዱ። ቤቱ አራስ ላለበት ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።